አባቴም ልጄም አብረው የሚስቁበት ኮሜዲ፦ ምርጫው፣ የአማርኛ ጽሑፉና ቀረጻው

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም

ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ። ቤታችን አራት ሰው ነን፤ ቴሌቪዥኑ አንድ፣ 32 ኢንች ነው። ማታ ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብረን የምናየው ኮሜዲ እፈልጋለሁ፤ ምርጫችን ግን አልገጥም ብሏል።

አባቴ ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ ቃል ሲገለበጥ ነው የሚስቁት። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። እናቴ የቤተሰብ ወግ ትወዳለች፤ የሚያሳፍር ነገር ሲመጣ ተነስታ ትሄዳለች። ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው፤ የፈረንጅ ሲትኮም (የሁኔታ ተከታታይ ኮሜዲ) ካልሆነ አይቀመጥም። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲንሸራተት ሳቋ አያቆምም።

የምጠይቃችሁ፦
1. ለአራቱም የሚሆን ምን ይመረጣል? በምንስ ይለያል?
2. ፍላሽ ላይ ያለው ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ ላፕቶፕ ላይ ይነበባል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል። ለምን?
3. ከጀርባ ያለው የሕዝብ ሳቅ ንግግሩን ይሸፍንባቸዋል። መቀነስ ይቻላል?
4. ሪሲቨሩ በሰዓቱ እንዲቀዳ አዝዤው አይቀዳም። ቢቀዳም መጨረሻው ይቆረጣል።

መልስ፦ ዋሸራ

እህቴ፣ ስሙ ስለገነነ ብቻ አትምረጪ። ኮሜዲን በምን እንደሚያስቅ ለዪው፤ በቃል፣ በአካል፣ በሁኔታ ወይስ በሐፍረት። አባትሽ የቃል፣ ልጅሽ የአካል፣ እናትሽና ወንድምሽ የሁኔታ ሰዎች ይመስሉኛል። እርግጠኛ ለመሆን ከየዓይነቱ አሥር አሥር ደቂቃ በተለያየ ማታ አሳዪያቸውና ማን የት ላይ እንደሳቀ በወረቀት ያዢ። የምትይዥው ቀድሞ የሳቀውን ነው፤ ሳቅ ስለሚጋባ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ሌላውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ፈገግታ አትቁጠሪ፤ ድምፅ ያለውን ብቻ።

የአባትሽን ነገር ላስፋው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅኔ የለመደ ጆሮ የሚደሰተው ኅብረ ቃሉን፣ ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል፣ ራሱ ሲያገኘው ነው። የውጭ የቃል ቀልድ ደግሞ ሲተረጎም መጀመሪያ የሚሞተው ኅብረ ቃሉ ነው። በእንግሊዝኛ «ቤር» ድብም ነው፣ መሸከምም ነው፤ በዚህ ላይ የተሠራ ቀልድ አማርኛ ሲሆን ተርጓሚው አንዱን ይመርጣል፤ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። አባትሽ «ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?» ቢሉ ልክ ናቸው። ስለዚህ የቃል ቀልድ ለእሳቸው በአማርኛ ብቻ ይሁን፦ የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ፣ የደረጀ ኃይሌና የሀብቴ ምትኩ፣ የተስፋዬ ካሳ። አጫጭር ስለሆኑ ለመክፈቻ ይመቻሉ። ወንድምሽም ባያመልጠው ጥሩ ነው።

ከውጭው ለአራቱም የሚሆነው ንግግር የሌለበት ነው። መጀመር ያለብሽ በሮዋን አትኪንሰን «ሚስተር ቢን» ነው፤ ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተሠሩ 15 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ያህል ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ግን አትጀምሪ። የዚያ ክፍል መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ሰውየው በጸሎት መሃል ያንቀላፋል፣ ከረሜላ በድብቅ ሊበላ ይታገላል። እንደ አባትሽ ላለ ሰው ይህ በመቅደስ ላይ መሳቅ ሊመስል ይችላል፤ ያ ስሜት አንዴ ከገባ ቀሪውን 14 ክፍል በጥሩ ዓይን አያዩትም። በአምስተኛው ጀምሪ። ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አርፍዶ ይነሳና መኪናውን እየነዳ ልብሱን ይለብሳል፣ ጥርሱን ይቦርሻል። አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉም ይገባል፤ ልጅሽ ትስቃለች፣ አባትሽም የሰውየውን ብልሃት ይከተላሉ። ቀጥሎ ሰባተኛው፣ የገናው፤ ሊጠብሰው ያዘጋጀው ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጭንቅላቱ ላይ ይጠልቅበታል።

መልስ፦ የቡሬው

ዋሸራ ባለው እስማማለሁ፤ ወንድምየውን ግን ረሳው። የ10ኛ ክፍል ልጅ ዝም ያለ ቀልድ ብቻ ሲቀርብለት ስልኩን ይዞ ይነሳል። ለእሱም ለእናትየውም የሚሆነው «ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ» ነው፤ ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የታየ፣ 4 ምዕራፍ፣ 88 ክፍል፣ እያንዳንዱ 22 ደቂቃ ያህል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብሩክሊን፣ ኒውዮርክ የሚኖር የጥቁር ቤተሰብ ነው። አባትየው ሁለት ሥራ ይሠራል፣ የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ በሳንቲም ያውቃል፤ ልጅ ወተት ቢያፈስ «ይሄን ያህል ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ» ብሎ ያሰላል። ይህን አባት እኛ ሰፈር የማያውቀው የለም፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከጀርባ የሚስቅ ሕዝብም የለውም፣ ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄሽ ለዚህኛው አይነሳም። ተራኪ ስላለው ግን ጽሑፉ ይበዛል፤ ለአባትሽ አጠገባቸው የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ወንድምሽ «ፍሬንድስ» ቢልሽ ለብቻው ይየው፤ 236 ክፍል ነው፣ ወሬው ግማሹ ስለ ፍቅርና ስለ አልጋ ነው፣ ከ8 ዓመት ልጅና ከወላጅ ጋር አይታይም። «ዘ ኦፊስ» ደግሞ ብልግናው ባይበዛም ቀልዱ በሙሉ ሐፍረት ነው። አለቃው የማይባል ነገር ይናገራል፣ ካሜራው የሠራተኛውን ዝምታ ይዞ ይቆያል። አንዳንድ ሰው በዚህ ይስቃል፣ አንዳንዱ በሰውየው ፈንታ ያፍራል። እናትሽ ከሁለተኛዎቹ ናት፤ አታስቀምጫት።

አንድን ሲትኮም በመጀመሪያ ክፍሉ አትፍረጂበት። የመጀመሪያው ክፍል ሰው በማስተዋወቅ ያልቃል፤ የሁኔታ ቀልድ የሚሠራው ጠባዩን ካወቅሽ በኋላ ነው። ሦስት ክፍል ስጪው። የአካል ቀልድ ግን በአሥር ደቂቃ ካላሳቀ በሦስተኛውም አያስቅም።

የአንድ ሰዓቱ አደራደር፦ 10 ደቂቃ የአማርኛ አጭር ቀልድ፣ 25 ደቂቃ ቢን፣ 22 ደቂቃ ክሪስ፤ ድምሩ 57። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ። ጽሑፍ የሚነበብበትን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ልጅሽ እንቅልፍ የሚወስዳት ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

መልስ፦ ዳሞት

ከአገር ውስጥ ተከታታይ ደግሞ የጥላሁን ጉግሳን «ቤቶች» ለእናትሽ አስቢላት፤ የቤት ውስጥ ወግ ነው። በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ከካፌ ሳይወጣ አገርን የሚናገር ስላቅ ነው፤ አባትሽ ወርቁን ፈልፍለው የሚያወጡበት ዓይነት። ለልጅሽ ግን ምንም አይነግራትም፤ እሷ ከተኛች በኋላ ይሁን።

መልስ፦ ጮቄ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ። ፋይሉ አልተበላሸም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስለሌለ ነው ሳጥን የሚያወጣው። ላፕቶፑ የራሱ ፎንት አለው፣ ለዚያ ነው የሚነበበው። በቴሌቪዥኑ ሜኑ «ላንጉጅ» እየቀያየርሽ አትድከሚ፤ የለውም። መፍትሔው ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ማተም ነው፤ ያኔ ቴሌቪዥኑ ፊደል መሆኑን እንኳ ሳያውቅ እንደ ሥዕል ያሳየዋል።

«ሃንድብሬክ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ።
ፊልሙን ክፈቺና «ፋስት 720ፒ30» የሚለውን ምረጪ። ለ32 ኢንች ይበቃል።
«ሰብታይትልስ» ውስጥ ገብተሽ የኤስአርቲ ፋይሉን (ትርጉሙ የተጻፈበትን) አስገቢ፤ የፊደል ኮዱን «ዩቲኤፍ-8» አድርጊ። እዚህ ላይ ሌላ ከተመረጠ ሳጥኑ ቀርቶ የማይነበብ ምልክት ይመጣል።
«በርን ኢን» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ሁለት ሰዓት ጠብቆ ያው ሳጥን ይመጣበታል።
ሙሉውን ከመሥራትሽ በፊት የመጀመሪያውን 120 ሰከንድ ብቻ አውጪና በቴሌቪዥኑ ሞክሪው።

ቪዲዮው ኤች.264፣ ድምፁ ኤኤሲ ሆኖ ስለሚወጣ «ፎርማቱ አይታወቅም» ወይም «ድምፅ የለም» የሚለውም ችግር አብሮ ይፈታል። በ1.5 ሜጋቢት ከተሠራ የ22 ደቂቃ ክፍል 250 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ 32 ጊጋ ፍላሽ ከመቶ በላይ ይይዛል። ፍላሹን ፋት32 አድርጊው፤ ቴሌቪዥን ሁሉ ያነበዋል። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ካለፈ ግን አይቀበልም፤ ብዙ ክፍል በአንድ ፋይል አትቀጥዪ።

ጽሑፉን አንቺው የምትተረጉሚው ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ቀልዱን የያዘውን ቃል ሰውየው ሳይናገረው ጽሑፉ ላይ አታሳዪው። ዓይን ከጆሮ ይቀድማል፤ ሁሉም አንብቦ ይስቅና ሰውየው ሲናገር ቤቱ ጭጭ ይላል። አረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈይው፤ መንደርደሪያው በአንድ፣ ማሳረጊያው ልክ ሲነገር በሌላ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ መስመሩም ከአምስት ስድስት ቃል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ በእንግሊዝኛ መሃል ላይ የነበረው ቃል ወደ ጫፍ ይገፋል፤ አንዳንዴ አረፍተ ነገሩን እንዳለ መገልበጥ ግድ ነው።

መልስ፦ ደጀን

ሦስተኛው፦ የሕዝቡ ሳቅ ከንግግሩ ጋር በአንድ ድምፅ ተቀርጿል፣ ለይቶ ማጥፋት አይቻልም። ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ተቀምጦ የሳቀው አለ፤ አሜሪካዊው የድምፅ ባለሙያ ቻርልስ ዳግላስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሠራው ማሽን የተጨመረም አለ። ተዋናዩ ሳቁ ሊበርድ ሲል ይጀምራል፣ ስለዚህ የሚሸፈነው የቀጣዩ ንግግር የመጀመሪያ ቃል ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ያን ቃል ካጣ አረፍተ ነገሩን በሙሉ ያጣል። ማድረግ የምትችይው፦ በድምፅ ሜኑ «ሰራውንድ» አጥፊ፤ «ክሊር ቮይስ» ካለ አብሪ፤ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሺ፣ ትሬብል (ቀጭኑን) ጨምሪ። የዘመኑ ቴሌቪዥን ድምጽ ማጉያው ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ ሥሩ ወፍራም የጠረጴዛ ልብስ ካለ ድምፁን ይውጠዋል። ልብሱን አንሺው። ለውጡን ዛሬ ማታ ትሰሚዋለሽ።

አራተኛው፦ ሰዓቱ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ «ምሽት 2:30» ሲባል ሪሲቨሩ የሚያውቀው 20:30 ብሎ ነው። 2:30 ብለሽ ካዘዝሽው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ቀጥሎ የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 መሆኑን እዪ፤ ዜሮ ላይ ከተተወ ሦስት ሰዓት ይዛነፋል። «ሪኮርድ» የሚለውን መርጠሽ እንደሆነም አረጋግጪ፤ ሌላው ምርጫ ቻናሉን ይከፍታል እንጂ አይቀዳም። መነሻውን 5 ደቂቃ አስቀድሚ፣ ማብቂያውን 15 ደቂቃ አዘግዪ፤ የተቆረጠው መጨረሻ በዚህ ይድናል።

በሪሞት አጥፊው እንጂ ከሶኬት አትንቀዪው፤ ከተነቀለ የሚነሳ ነገር የለም። እየቀዳ ሳለ ልጅ ቻናል ብትቀይር ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፤ ባለ አንድ ቱነር (ቻናል መያዣ) ሪሲቨር በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚይዘው። መብራት ከጠፋ የተጀመረው ፋይል ሳይዘጋ ይቀራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ፍላሹን እዚያው ሪሲቨሩ ላይ ፎርማት አድርጊው፤ ለቀረጻ ሌላ፣ ለፊልም ሌላ ፍላሽ ይኑርሽ። አንዳንድ ሪሲቨር ደግሞ የቀዳውን ከራሱ በቀር ሌላ እንዳያነበው አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቴሌቪዥኑ አልከፍት ካለ ፍላሽ አትቀይሪ፣ በዚያው በሪሲቨሩ እዪው።

ጠያቂዋ፦ ፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሳጥኑ ጠፍቷል፤ ሰዓቱም ደጀን እንዳለው 2:30 ተብሎ ነው የታዘዘው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የክሪስ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ከድምፁ ጋር ይሄዳል፣ ወደ መጨረሻው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

መልስ፦ ጮቄ

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ቢዛነፍ ማንሸራተት ይበቃ ነበር። እየሰፋ ከሄደ ግን የፍሬሙ (በሰከንድ የሚያልፈው ሥዕል) ቁጥር ነው፤ ጽሑፉ በሰከንድ 23.976 ፍሬም ላለው ተሠርቶ ፊልምሽ 25 ነው ማለት ነው። በ22 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ ከ50 ሰከንድ ያልፋል። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤስአርቲውን ክፈቺ፣ «ቼንጅ ፍሬም ሬት» ውስጥ ከ23.976 ወደ 25 ብለሽ ለውጪና በዩቲኤፍ-8 አስቀምጪ። የመጨረሻውን ንግግር ከጽሑፉ ጋር አስተያዪ፤ ከገጠመ እንደገና በሃንድብሬክ አሳትሚው። ቢን ላይ ይህን ሁሉ አትሥሪ፣ ጽሑፍ አያስፈልገውም።