የተማሪዎች ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት መምረጥ ቸግሮኛል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይዣለሁ (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ አዲሷ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከደሴ የመጣሁት ዘንድሮ ነው፤ ከተማውን ገና እየተላመድኩት ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን መጋቢት ውስጥ ለአንድ ቀን ጉዞ የመውሰዱ ኃላፊነት እኔ ላይ ወድቋል። ልጆቹ ሰማንያ ይሆናሉ። ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። የመጀመሪያው በጣም ርካሽ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌን ልሳነ ምድር፣ በሐይቁ ደሴት ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤልን ገዳምና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በአንድ ቀን እናሳያለን ይላል። ወረቀቱን በቴሌግራም ነው የላኩልኝ፤ ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ የሚያሳይ የሚያምር ፎቶ አለው። ክፍያው ግን ሙሉ በሙሉ ቀድሞ፣ ያውም በግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት እንዲገባ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው እዚሁ ቢሮ ያለው ድርጅት ነው። ዘጌን ብቻ ነው ያቀረበው፤ ዋጋው ደግሞ የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሦስተኛው የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። አቀራረቡ ያማረ፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። አውቶቡሱንና ጀልባውን ግን «ባሕር ዳር ካሉ አጋሮቻችን» እናመጣለን ብሏል።

ርዕሰ መምህሩ «ርካሹን ያዢ» ይሉኛል። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ደግሞ «ለልጆቹ ደኅንነት ማነው የሚጠየቀው?» ይላል። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። ድርጅቶቹን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ አስጎብኚው

መምህርት፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደኅና መጡ። እኔ በአስጎብኚነት ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ ለየትኛውም ድርጅት አላዳላም ብል ላያምኑኝ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ወረቀት ግን በዋጋው ሳይሆን በፕሮግራሙ ብቻ እጥለው ነበር።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። የቆየ ሥርዓት ነው፤ እዚህ በሐይቁ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከግማሽ በላይ ሴቶች ላሉበት ክፍል ክብራንን ያቀረበ ድርጅት ወይ ስለ ልጆቹ አልጠየቀም፣ ወይ ለውጭ ቱሪስት ያዘጋጀውን ወረቀት ገልብጦ ልኮልዎታል። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ እዚያ ሴቶችም ይገባሉ። ዳጋ እስጢፋኖስም ለወንድ ብቻ ነው። ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለ ግሩም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግን ሩቅ ስለሆነ ለሕፃናት የአንድ ቀን ጉዞ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ፏፏቴው። ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚታየው በክረምትና ክረምቱ እንደወጣ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ወንዙ ላይ የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ በበጋ ውኃው ወደነሱ ሲጠለፍ ገደሉ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። መጋቢት ላይ ያንን ፎቶ ያየ ልጅ ደርሶ ምን እንደሚል አስቡት። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ በፀሐይ በእግር ወጥተው ወርደው ድንጋይ ሊያዩ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ አለ፣ እሱ በራሱ ማየት የሚገባ ነው። ግን ድልድዩን ለማየት ሌላ ቀን ይመደብለት።

ሦስተኛ፣ ነፋሱ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባ ያንገላታል። ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ፣ ቢዘገይ በ7 ሰዓት የመልስ ጉዞ መጀመር ነው። «ስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው? ለምን?» ብለው ይጠይቋቸው። ነፋስ የሚለውን ቃል ያላነሳ ሐይቁን አያውቀውም።

መልስ፦ የሒሳብ ክፍሏ

እኔ ደግሞ በገንዘቡ በኩል ልምጣ። በግለሰብ አካውንት? አይሆንም እህቴ! ነገ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡን ከማን ትጠይቂያለሽ? የድርጅቱ ስም፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና የባንክ አካውንቱ ስም አንድ መሆን አለበት። ንግድ ፈቃዱ ለዘንድሮ መታደሱን እዪ። የሥራ ዘርፉንም አንብቢው፤ «አስጎብኚ» ነው ወይስ «አጠቃላይ ንግድ»? የቲን ቁጥር፣ የታተመ ደረሰኝ። እነዚህን ለመጠየቅ አትፈሪ፣ ነውር አይደለም።

ክፍያውን ከፋፍለሽ ስጪ። ጥቂቱ ውል ሲፈረም፣ ቀሪው ልጆቹ በሰላም ከተመለሱ በኋላ። እሺ የማይል ካለ እሱም መልስ ነው።

ውሉ ውስጥ «ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ቃል አትቀበዪ። እየዘረዘሩ ይጻፉልሽ። ዘጌ ላይ እያንዳንዱ ገዳም ለብቻው መግቢያ ያስከፍላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብቻ ነው ወይስ አዝዋ ማርያምም አለ? የአስጎብኚው፣ የመምህራኑ ምሳ፣ የውኃው በማን ነው? ደግሞ ጉዞው በነፋስ ወይም በመንገዱ ጸጥታ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? በዚህ ጊዜ ይህ አንቀጽ የሌለው ውል ላይ አትፈርሚ። የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው አጣርቶ የሚደውልልሽ ሰውም በስም ይጻፍ።

መልስ፦ ቀልደኛው

«ሁሉን ያካተተ» የሚል ወረቀት ካያችሁ ውኃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ቲቸር፣ እኔ እንደ ወላጅ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ላይፍ ጃኬቱን በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ? «አለ» ማለትማ ሁሉም ይላል። ልጄ ከዚህ በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ሳለች ሐይቁ ላይ ሄዳ ነበር። ጃኬት ነበረ፣ አልዋሹም። ግን የትልቅ ሰው ነው። ስትለብሰው በራሷ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ውኃ ውስጥ ቢሆን ምን ሊፈይድላት ነው? ፎቶውን ሳየው ነው የገባኝ። ለልጅ ልክ የሆነ ጃኬት፣ በልጆቹ ቁጥር ልክ፣ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ለብሰውት። ወንበር ሥር ታስሮ ያለ አይቆጠርም።

ሌላው፣ ዳር ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ውኃ ውስጥ መንከር ይወዳሉ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ ነው። ድርጅቱ ይህን ለልጆቹ የሚነግር ሰው አለው? ባይኖረው አንቺ አስቀድመሽ ክፍል ውስጥ ንገሪያቸው።

የምግቡንም አትርሺ። መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው። ምሳው የጾም ይሁን። ሙስሊም ልጆችም ያለ ሥጋ ጥያቄ አብረው ይበላሉ፤ ሁሉም በአንድ ገበታ ይገላገላል። ጉዞው ረመዳን ላይ እንዳይውል ግን ቀኑን ከወዲሁ አረጋግጪ።

መልስ፦ የጀልባ ወደብ ጎረቤት

ለምን ድርጅት? ገንዘብ በዝቶባችሁ ነው? ወደቡ ቅርብ ነው። ከጀልባ ማኅበሮቹ ጋር በቀጥታ ተነጋገሩ። ሁለት ትልልቅ ጀልባ ከበቂ በላይ ነው። ምሳውን የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ይሥራው። አስጎብኚ ዘጌ ላይ የአካባቢው ልጆች አሉ፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ድርጅቱ የሚያደርገው እኮ እነዚሁኑ ሰዎች ደውሎ መጥራትና ላዩ ላይ መጨመር ነው።

መልስ፦ አስጎብኚው

ወንድሜ ግማሹ እውነት ነው። ደላላ የሆነ ድርጅት ሞልቷል። ለአሥር ጎልማሶች ቢሆን እኔም አንተ ያልከውን እመክር ነበር። ሰማንያ ልጅ ግን ሌላ ነው። ሐይቁ መሐል ሞተር ቢጠፋ ማን ጋር ነው የሚደወለው? አንድ ልጅ ተራራው ላይ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ማነው የሚሸከመው? መምህሯ ሰማንያውን እየቆጠረች ከባለ ጀልባ ጋር ልትከራከር ነው?

መምህርት፣ እርስዎ ሦስቱንም እንዲህ ይጠይቋቸው፦ «አውቶቡሱ የማነው? ጀልባው የማነው? በዕለቱ ከእኛ ጋር የሚውለው ሰው ማነው?» ሦስተኛው ድርጅት ላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ እዚህ ላለ ሰው ይሰጣል፣ ያ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። ችግር ሲመጣ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ካልነገሩዎት ይለፉት።

መልስ፦ የጀልባ ወደብ ጎረቤት

እሺ፣ ለሰማንያ ልጅ እቀበላለሁ። ግን ድርጅቱንም ብትይዢ ጀልባዎቹን ራስሽ ሄደሽ እያቸው። በጠዋት ሂጂ፣ ባለቤቶቹ ያኔ አይጠፉም። ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቂ፣ ከዚያ ወንበሩን ቁጠሪ። ትርፍ ሞተር ካለም ያሳዩሽ። አንድ ምክር ልጨምር፦ ዘጌ በመኪናም ይደረሳል። በመልሱ ላይ ነፋሱ ከበረታ አውቶቡሱ ዘጌ መጥቶ እንዲወስዳቸው ቀድመሽ ተነጋገሪ። ይህን የሚያዘጋጅ ድርጅት ካገኘሽ ተጨማሪ ብር ብትከፍዪም አልቃወምም።

መልስ፦ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ደኅንነትና ስለ ብር ተናገረ፤ ደግ ነው። ግን ልጆቹ ምን ተምረው ሊመለሱ ነው? ድርጅቶቹ የሚመድቡት አስጎብኚ ብዙውን ጊዜ ለውጭ እንግዳ የሚናገረውን ነው ለልጅ የሚደግመው። የንጉሥ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ሥዕል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኋላ ያሉት ስልክ ማውጣት ይጀምራሉ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት በዕለቱ የሚመጣውን አስጎብኚ ራሱን አግኚው። «የ7ኛ ክፍል ልጅ ነኝ፣ ስለ ዘጌ ቡና ንገረኝ» በዪው። ዘጌ እኮ ደን ሆኖ የቆየው ገዳማቱ ስለጠበቁት፣ ሕዝቡም በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ስለኖረ ነው። ይህን ለልጅ ማስረዳት የሚችል ሰው አለ፣ የማይችልም አለ። ጣና በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን እንዴት እንደወረረው፣ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ፣ ሐይቁ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ፣ ይህ ሁሉ የመጽሐፋቸው ትምህርት ነው። ጀልባ ላይ ተቀምጠው ቢሰሙት አይረሱትም።

ሰማንያውን በአንድ ላይ ገዳም ውስጥ አታስገቢ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ያሉት በመቅደሱ ዙሪያ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ግማሹ ሲገባ ግማሹ ቡናው ሥር ተቀምጦ የሥራ ወረቀት ይሙላ። ደግሞ በጾም የሥራ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ካልደረሳችሁ ውስጡን ላታዩት ትችላላችሁ። ጠዋት ተነሡ የሚለውን አስጎብኚው በነፋስ አስረዳሽ፤ እኔ በቅዳሴ አስረዳሁሽ።

ለታናናሾቹ ክፍሎች ሌላ ጊዜ ደብረ ማርያምን አስቢ። ቅርብ ናት፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትንም ያያሉ።

ጠያቂ፦ አዲሷ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሥራ ወረቀቱን ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።

ጥያቄዎቹን ለሦስቱም ላክሁ። የመጀመሪያው ስለ ክብራን ስጠይቀው «ሴቶቹ ጀልባ ላይ ይጠብቃሉ» አለኝ። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። የአዲስ አበባው ድርጅት የአጋሮቹን ስም ሊልክልኝ ቃል ገብቶ እስካሁን ዝም ብሏል። ሁለተኛውን ይዤ ወደብ ሄጄ ጀልባዎቹን አየሁ። የልጅ ልክ የሆነው ላይፍ ጃኬት ከልጆቹ ቁጥር ያንሳል፤ የጎደለውን ከሌላ ማኅበር አሟልተው እንደሚያመጡ ውሉ ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ። አውቶቡሱ ዘጌ መጥቶ የሚጠብቅበትንም ጨምረውልኛል። ምሳውን ትምህርት ቤቱ እንዲሠራ ስላደረግን ዋጋው ትንሽ ወረደ። ርዕሰ መምህሩ አሁንም «ውድ ነው» እያሉ ነው፤ ኅብረቱ ግን ከእኔ ጋር ሆኗል። የክብራኑን መልስ ሲሰሙ እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉ።

አንድ የቀረኝ፦ ለወላጆች በምልከው ቅጽ ላይ ስለ ልብስ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሴቶቹ ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ ይያዙ፣ ወንዶቹ ቁምጣ አይልበሱ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ስኒከር ይሻላል፤ ግን ገዳሙ በር ላይ ስለሚወልቅ ማሰሪያው የሚያስቸግር አይሁን፣ ሰማንያ ልጅ ጫማ ሲያስር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ካልሲ ይልበሱ። ሹራብም ጻፊበት፤ ጠዋት ሐይቁ ላይ ይበርዳል።