ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ልጆችን ኮዲንግ ለማስጀመር ምን ይሻላል?

ሽምብጥ፦ የ6 ዓመት ወንድና የ11 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ለክረምት ማሠልጠኛ ላስገባቸው ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ቤት ይማሩ? ኢንተርኔት የለንም።

ዓባይ ማዶ፦ ለትልቋ ስክራች፣ ለትንሹ ስክራች ጁኒየር፤ ሁለቱም ልጆች ብሎክ (የትእዛዝ ቁራጭ) እየገጣጠሙ ጨዋታ የሚሠሩባቸው የኮዲንግ ፕሮግራሞች ናቸው። ጁኒየሩን ታብሌት ላይ ጫኚለት፤ ብሎኮቹ ሥዕል ስለሆኑ ማንበብ ባይችልም ይሠራበታል። ስክራችን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ ውሰጂው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል።

ጣና ዳር፦ ላፕቶፑ ላይ እንዳትሸወጂ! "3 ሰዓት ይይዛል" ተብሎ የተሸጠልን ባትሪ ሩብ ሰዓት አልሞላም። መብራት ሲጠፋ ልጁ የደከመበት ሁሉ አብሮ ጠፋ። ስንመልሰው "ባትሪ ዋስትና የለውም" አሉን።

ሰባታሚት፦ የት ሱቅ ነው?

ጣና ዳር፦ ስም አልጠራም።

ዘንባባ፦ ጊዮርጊስ አካባቢ እኔ ደንበኛ የሆንኩበት ሱቅ አለ፤ ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ጣና ዳር፦ ባትሪውን አስፈትሸሽ ታውቂያለሽ?

ዘንባባ፦ ለምን ብዬ? ሰውየው አያታልልም።

ፖሊ፦ ማንም ይሽጠው፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ 20 ደቂቃ አጫውቱ። ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት አውጡና ሲመረት ይይዝ የነበረውን አሁን ከሚይዘው ጋር አስተያዩ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ተዉት። ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑንም እዩ፤ አዲሱ ስክራች ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም።

ሰባታሚት፦ ለምን በቀጥታ ፓይተን (ትእዛዙ በጽሑፍ የሚጻፍ የኮዲንግ ቋንቋ) አይጀምሩም?

ዓባይ ማዶ፦ ጥያቄውን አንብበው እንጂ! ልጁ 6 ዓመቱ ነው።

ፖሊ፦ ማሠልጠኛ ከመረጥሽ አንድ ኮምፒውተር ለስንት ልጅ እንደሆነ ጠይቂ። ሦስት ከሆኑ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለቱ ያያሉ። ቤት ከሆነ ደግሞ ትልቋን በስክራች ጉማሬ የምትሸሽ ታንኳ ጨዋታ አሠሪያት። ጨዋታውን የሚያስጀምረው አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ ታንኳዋ መጀመሪያ ወደ መነሻ ቦታዋ ትመለስ፣ አለበለዚያ ካቆመችበት ቦታ ትጀምራለች። "ጉማሬውን ከነካ" የሚለው ብሎክ ሳያቋርጥ በሚደጋግመው ብሎክ ውስጥ ይግባ። ውጭ ከቀረ ገና ሲጀመር አንዴ ብቻ ይፈትሽና ያበቃል፤ ከዚያ ጉማሬው ታንኳዋ ላይ ቢወጣም ምንም አይሆንም። ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በየመሐሉ ሴቭ ታድርግ።

ሽምብጥ፦ ተባረኩ። የጉማሬውን ትንሹም ሊሠራው ይችላል?

ፖሊ፦ አዎ። ጁኒየር ላይ ሁለት ምስሎች ሲጋጩ የሚጀምር ቢጫ ብሎክ አለ፤ ታንኳዋ ላይ እሱን ያስቀድም።