ለዲኤክሷ አዲስ ሾክና ሞላ ላስገባ ወይስ አሰልጣኝ ላምጣ?

ጥያቄ፦ ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ናችሁ ጀማው። እዚህ ኮምቦልቻ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተን የምንለማመድበት የታጠረ የአስፋልት ግቢ አለ፤ በኮን ዙር ሠርተን ሰዓት እንይዛለን። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፦ ኬኢ70፣ 4ኬ ሞተር፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ 155/80 ባለ 13 ጎማ። ኩርባ ላይ በጣም ትጋደማለች፣ መሪውን በጨመርኩ ቁጥርም አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይገፋል። በዚችው መኪና ጓደኛዬ በአንድ ዙር 2 ሰከንድ ይቀድመኛል። በእጄ ያለው ገንዘብ ወይ ከዱባይ ቁመቱና ጥንካሬው የሚስተካከል ሾክ ከነሞላው ያስመጣል፣ ወይ ከአዲስ አበባ አሰልጣኝ ለሁለት ቀን አስመጥቶ የተወሰነ ይተርፈዋል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ጦሳ (ደሴ)

ወንድሜ፣ መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። በአንድ መኪና፣ በአንድ ጎማ ሌላ ሰው 2 ሰከንድ ከቀደመህ፣ ያን ሰዓት ሾክ አይመልስልህም። አዲሱን ሾክ ብታስገባ ጓደኛህም እኩል ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ባለበት ይቆያል።

ብር ከማውጣትህ በፊት ይህን ሞክር። 15 ሜትር ገመድና ጠመኔ ይዘህ ክብ አስምር። ዙሪያውን ቢያንስ ሌላ 15 ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ ግንብ ወይም ምሰሶ አጠገብ አይደረግም። መስመሩን በመኪናው መሀል ይዘህ ጎማው መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ፍጥነቱን ቀስ እያልክ ጨምር፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ሰዓት ያዝ። በቀኝም በግራም አዙር። 592ን (ከ15 ሜትሩ ክብ የሚወጣ ቁጥር ነው) ለሰከንዱ ካሬ ስታካፍል መኪናዋ ወደ ጎን የያዘችው ይወጣል፦ 9 ሰከንድ ከሆነ 7.3 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ማለትም የስበት ኃይልን 0.75 ያህል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደህና የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት ከ0.75 እስከ 0.85 ይይዛል።

ቀጥሎ ጓደኛህ ያንኑ ያድርግ። ሁለታችሁም ተቀራራቢ ካመጣችሁ፣ መኪናዋን ዳር ድረስ መያዝ አያቅትህም፤ ሰዓቱ የሚጠፋብህ ፍሬን ላይና ወደ ኩርባው አገባብህ ላይ ነው። እሱ 9 አንተ 10 ካመጣህ ደግሞ ገና ዳሩ ላይ አልደረስክም ማለት ነው። ሁለታችሁም ከ9.5 በላይ ከሆናችሁ ጎማው ደርቋል ወይም ከሥር የላላ ነገር አለ።

መልስ፦ ባለ ክሪክ (ፒያሳ፣ ደሴ)

አብሽር፣ ሁለቱንም ትደርስበታለህ። ግን አስቀድመህ ያለውን መርምር።

መኪናዋን በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) አስቀምጥ፤ በክሪክ ብቻ ቆማ ማንም ከሥር እንዳይገባ። የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታ (የመንኮራኩሩ መሽከርከሪያ) ወይም የብራች (መንኮራኩሩን ከሥር የሚይዘው ክንድ) ራስ ነው። በግራና በቀኝ ይዘህ ስትነቀንቅ ከሆነ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ)። ሾኩ ዙሪያ ዘይት ካለበት፣ ወይም የመኪናዋን ጥግ ተጭነህ ስትለቀው ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ፣ አልቋል። የብራችና የኋላ ዘንጎቹን ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) በሌቫ (በብረት ዘንግ) ግፋና እይ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ዲኤክስ ላይ ያልተሰነጠቀ ብርቅ ነው።

ጎሚኒ ስትቀይር ብዙ ጋራዥ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ መሬት ወርዳ ክብደቷ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅከው፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወር ይቀደዳል።

ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። የዚች መኪና የፊት አሠራር ማክፈርሰን (ሾክና ሞላው በአንድ ላይ የተገጠመበት) ነው። በጣም ዝቅ ስትል ብራቹ ከመንኮራኩሩ በኩል ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ያኔ የመጋደሙ ማዕከል ከመኪናዋ ክብደት ማዕከል በበለጠ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ ሞላው ጠንክሮ ሳለ እንኳ መጋደም ትፈልጋለች። መሪውም ጉብታ በመታ ቁጥር ራሱ ይዞራል። የሾኩ መጫወቻ ሲያጥር ኩርባ መሀል ሾኩ የማቆሚያ ላስቲኩን ይመታና ጎማው በአንዴ ይለቃል። ሞላ በፍሌክስ (በብረት መቁረጫ) መቁረጥማ ጨርሶ አይታሰብ፦ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል።

ቦርከና ማዶ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሾኩ አልቆ ከተገኘ ምን ያስገባሉ?

ባለ ክሪክ፦ እንደ ፋብሪካው ያለ አዲስ ሾክ፣ ከተቻለ ትንሽ ጠንከር ያለ፤ አራቱንም በአንዴ። የፊተኛው ካርትሪጅ (ተነቅሎ የሚቀየር የሾክ ልብ) ነው፣ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ከመክተትህ በፊት ቱቦው ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ እንዲያወጣው። ከአፍ እንዳይፈስ ለክተህ። ሞላውን ለማውጣት የሞላ መጭመቂያ ሁለቱን ትይዩ አድርገህ እኩል እያጠበቅክ፤ ያለ መጭመቂያ የላዩን ዳዶ የፈታ ሰው ፊቱን ያጣል።

መልስ፦ ሆጤ (ደሴ)

ጦሳ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሾኩ በሞተ መኪና ማሠልጠንም ብር መጣል ነው፤ እግርህ የሚማረው የመኪናዋን ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ባለ ክሪክ እንዳሉት የላላውን ጠግን። ከዚያ የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይር፦ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቀጥሎ ጎማ። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ እይ፤ 1419 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈው ጥርስ ቢኖረውም ላስቲኩ ይደርቃል።

ንፋሱን ጎማው ሳይግል 32 ፒኤስአይ አድርገህ ጀምር፤ የጎማውን ትከሻ (ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበትን ጠርዝ) በጠመኔ ቀባ። ሦስት ዙር ነድተህ ጠመኔው ወደ ጎኑ በጣም ወርዶ ከጠፋ 2 ጨምር፤ ትከሻው ላይ ካልተነካ 2 ቀንስ።

አሰልጣኙን ስትመርጥ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መምህር ሌላ ነገር መሆኑን እወቅ፤ ያ ለፈተና ነው የሚያዘጋጅህ። እነዚህን ጠይቅ፦ ከጎኔ ተቀምጠህ ነው ወይስ ከዳር ቆመህ የምታስተምረኝ? ቪዲዮ ትቀርጻለህ? በቀን ስንት ደቂቃ እኔ እነዳለሁ? “እኔ ነድቼ አሳይሃለሁ” የሚለው ቢበዛ ሁለት ዙር ይበቃዋል። ለሁለት ቀን መክፈልም ግድ አይደለም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ወር ልምምድ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ቀን ይሻላል።

ጦሳ፦ ስለ አፍንጫዋ ልጨምር። መሪ ጨምረህ ካልዞረች፣ ሌላ መሪ መጨመር የፊት ጎማውን ይባስ ያደክመዋል። ነዳጁን በመጠኑ ቀንስ፣ መሪውን ትንሽ መልስ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ትይዛለች። ከልክ በላይ በአንዴ ከለቀቅክ ደግሞ ኋላዋ ይወጣል። ሥሩ ግን ቀድሞ ነው፦ በፍጥነት ገብተሃል። ፍሬኑን ቀጥ ባለው ላይ አጥብቀህ ያዝ፣ መሪውን ማዞር ስትጀምር እግርህን በአንዴ ሳትነቅል እያላላህ ግባ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ስለሌላት እንዲህ ተለማመድ፦ ከ50 ኪሎ ሜትር ጀምረህ ጎማ ሳትቆልፍ ቁም። ደህና ጎማ ላይ 12 ወይም 13 ሜትር ይበቃል፤ 20 ሜትር እየፈጀብህ ከሆነ ከ2 ሰከንዱ አብዛኛው እዚያ ነው።

ሮቢት ገበያ፦ ግቢው ቢጠብባችሁ ሐረጎ (የደሴና ኮምቦልቻ ጠመዝማዛ መንገድ) ላይ ማለዳ መሞከር አይቻልም?

ባለ ክሪክ፦ አይቻልም። ክፍት መንገድ ነው፦ ከባድ መኪና፣ ጉም፣ ከብት አለበት። ሰዓት የሚያዘው በታጠረው ግቢ ብቻ ነው። ይልቅ የደሴ ልጆች ወደ ልምምዱ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትጨርሱ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑ ግሎ ግቢው አይድረስ። ከልምምድ በኋላም የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ሲግል የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን በድንጋይ ያዙት፤ የቸርኬውን ዳዶም ሲበርድ መልሳችሁ አጥብቁ።