ጥቆማ፦ ቴክሳስ ውስጥ ትራቭል ኢንሹራንስ ለመሸጥ የትኛው ኮርስ ይሻላል?

ሰብለ_ትኬት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስ የትኬት ቢሮ አለኝ፤ ትራቭል ኢንሹራንስም ልጨምር ነው። ለላይሰንስ ፈተናው ኬፕላን ነው የሚሻለው ኤግዛም ኤፍኤክስ? ያነጻጸረ ካለ በናታችሁ።

የጋርላንዱ፦ ኬፕላን! የጥያቄ ባንኩ ብቻውን ያሳልፋል።

ፋይል_አዋቂ፦ ኧረ ቆዩ፣ የምን ፈተና? ትራቭል ብቻ ከሆነ ስፔሻሊቲ ላይሰንስ ነው፣ ለተወሰኑ የኢንሹራንስ ዓይነቶች ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ፤ የመኪና ኪራይና የሞባይል ኢንሹራንስም እዚያው ውስጥ ናቸው። ፈተና የለውም። ማመልከቻው ሰርኮን ወይም ኤንአይፒአር በሚባሉት የላይሰንስ ማመልከቻ ድረ ገጾች ይገባል፣ 50 ዶላር፣ ቢከለከልም አይመለስም። በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። እህቴ፣ መጀመሪያ ወኪል አድርጎ የሚሾምሽ የኢንሹራንስ ካምፓኒ ያዢ፤ ያለ እሱ ላይሰንሱ ወረቀት ነው።

የጋርላንዱ፦ ቢሆንም ኬፕላን ማንበብ አይጎዳም።

ተቃጥያለሁ፦ ለላይሰንሱ የሚሰጠውን የጣት አሻራ ተጠንቀቁ! እኔ የሄድኩበት ቦታ ስሜን ገልብጦ አስገባና ማመልከቻዬ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስልክ አያነሱ፣ ገንዘብ አይመልሱ!

ማሜ፦ የቱ ነው? ስሙን ጥራው!

ተቃጥያለሁ፦ ስም አልጠራም። ብቻ ሌቦች ናቸው።

ሹፌሩ፦ ለትራክ ኢንሹራንስ ግን ጄኔራል ላይንስ ፕሮፐርቲ ኤንድ ካዡዋልቲ የሚባለው የንብረትና የጉዳት ኢንሹራንስ ላይሰንስ ነው የሚያስፈልገው። ፈተናውን የሚሰጠው ፒርሰን ቪዩ የሚባል ድርጅት ነው፣ ማለፊያው 70። ካለፋችሁ በ1 ዓመት ውስጥ አመልክቱ፣ አለዚያ እንደገና ነው።

ማሜ፦ አዎ፣ ቦይንግም ትራክ ነው እንግዲህ 😂

ፋይል_አዋቂ፦ @ተቃጥያለሁ ወንድሜ፣ ለአሻራ ቀጠሮ ሲያዝ ስም የሚሞላው አመልካቹ ራሱ ነው። የእኛ ስም ደግሞ ለዚህ አይመችም፦ ገብረ ሥላሴ ተለያይቶ ሲጻፍ «ገብረ» ሚድል ኔም ይሆንና «ሥላሴ» ብቻ ላስት ኔም ሆኖ ይቀራል። መንጃ ፈቃዱ፣ ቀጠሮውና ማመልከቻው ፊደል በፊደል ካልገጠሙ አሻራው ከፋይሉ ጋር አይገናኝም። ከመፈረማችሁ በፊት ስክሪኑን አሳዩኝ በሉ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ተቃጥያለሁ፦ እነሱም እንደዚህ ነው ያሉኝ። ሌቦች!

ሃና_ትራቭል፦ ሰብልዬ፣ የራስሽን ላይሰንስ ሳታወጪም ይቻላል። ላይሰንስ ባለው ድርጅት ሥር ትራቭል ሪቴይለር፣ ማለትም በእነሱ ላይሰንስ የምትሸጭ የጉዞ ቢሮ፣ ሆነሽ ትመዘገቢያለሽ፣ ሠራተኞችሽ የእነሱን ሥልጠና ይወስዳሉ። ግን ብሮሹር ሰጥቶ መሸጥ እንጂ «ያለሽ ኢንሹራንስ ይበቃሻል፣ ይሄ በሽታ ይሸፈናል» ብሎ መተንተን ክልክል ነው። ትኬት ሲቆረጥ «ኢንሹራንስ እፈልጋለሁ» የሚለውን ሳጥን ደንበኛው ሳይመርጥ ቀድሞ ምልክት አድርጎ መጠበቅም እንዲሁ።

ሰብለ_ትኬት፦ ተባረኪ። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ወላጆችስ?

ሃና_ትራቭል፦ ለአጭር ጉብኝት የሚሆኑ አሉ። ከ6 ወር በላይ ለሚቆይ ሰው የሚሸጥ ሙሉ የሕክምና ሽፋን ግን ትራቭል አይባልም፤ እሱ የጤና ኢንሹራንስ ላይሰንስ ይጠይቃል፣ ፈተናም አለው።

የጋርላንዱ፦ አላልኩም? ኬፕላን!

ማሜ፦ @ተቃጥያለሁ አሻራ ቤቱን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ።