የመምህራን የንባብ ቡድን፦ ስለ ዘረኝነት ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ቡሬ
ጤና ይስጥልኝ የሙያ አጋሮቼ። በትምህርት ቤታችን ጥቂት መምህራን እየተሰበሰብን ስለ ዘረኝነት ለማንበብ ተስማምተናል። ነገሩ የመጣው ከክፍል ነው፦ የሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገብ አልቀመጥም፣ «ቡዳ ነች» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። አንዳንድ መምህራንም «የልጆች ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። ምን እናንብብ? መጽሐፍ ቢገኝ እንኳ አንድ ቅጂ ነው። ደግሞ ከመካከላችን አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ እሱ ባለበት እንዴት እንደምንጀምረው ጨንቆኛል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
እህቴ፣ ከሩቁ ጀምሩ። ሰው ስለ ራሱ ሲነገረው ይቆጣል፤ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲነበብለት ግን በቅን ይፈርዳል። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ለእኛ ለመምህራን ደኅና መነሻ ነው፤ ጥቁር ልጅ ለጉልበት ሥራ ከሚያበቃው በላይ እንዳይማር የታሰበበት ሥርዓት ነበር። ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ጨምሩ። ስለ ቆዳ ቀለም የሚናገረው ክፍል ብቻውን ይበቃል።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም
ይህስ አልተዋጠልኝም ልጄ። ከሩቅ የጀመረ እዚያው ይቀራል። የዓድዋ ልጆች ነን፣ ዘረኝነት የነጭ በሽታ ነው ተብሎ ይጨበጨብና ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የከለከሉበትን አዋጅ አንብቡ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታዲያ ስድቡ እናንተ ክፍል ድረስ እንዴት ደረሰ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ታሪኩ እዚሁ ጎጃም ነው። ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ ጉዱ ካሣ በዘር ቆጠራ ላይ የሚናገርባቸውን ገጾች ውሰዱ።

መልስ፦ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ባሕር ዳር
የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ግን «ይህ ዘረኝነት አይደለም» የሚል አይጠፋም። የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣው የ1965 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 1 ከቀለም ጋር የትውልድ ሐረግንም ይጠቅሳል፤ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 25 በትውልድ ማበላለጥን ይከለክላል። እኛ እዚህ ስለ ወይጦዎች ነው የተነጋገርነው፦ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው የተገፉት የጣና ዳር ሰዎች። ታንኳቸውን ለቱሪስት እናሳያለን፣ ማዕዳቸውን ግን እንሸሻለን። ሰዓቱን ደግሞ በዓመት ከሚጠበቅብን 60 ሰዓት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ላይ አስይዙት፤ ያኔ ርእሰ መምህሩም አይከለክልም።

መልስ፦ መምህር፣ ዳንግላ
የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ያንን መምህር «እስቲ አንተ ንገረን» እንዳትሉት። አንዱን ቅጂ እየተቀባበላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል። «እናንተ እኮ ጥበበኞች ናችሁ» የሚል ሙገሳም ይቅር፤ እኔን ከስድቡ ባልተናነሰ አንገቴን ያስደፋኛል። ልጅቷ ደግሞ እናንተ አንብባችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቅ። የክፍሉን ሁሉ መቀመጫ በዕጣ ቀይሩ፤ እሷን ብቻ ካነሣችኋት ይብስባታል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕጣውን ሰኞ አወጣለሁ። ንባቡን በአዋጁ እንጀምራለን፣ የባንቱው ሕግ ይከተላል። ጋሼ፣ የአዋጁ ጽሑፍ እጅዎ ላይ ካለ በስልክ አንሥተው ቢልኩልን? የእኛ ኮፒ ማሽን ቀለም የለውም።