የሲኮች ሮዝ ወተት፦ «ተዝካር» ነው?

ታዛቢ፦
አንድ ገጽ ላይ የዴልሂ ቪዲዮ ተለጥፏል። ጥምጣም ያሰሩ ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመው ሮዝ ቀለም ያለው ቀዝቃዛ ወተት ለባጃጅ ሾፌሩም ለእግረኛውም ያድላሉ። ከሥሩ የተጻፈው፦ «ሲኮች መምህራቸው የተገደለበትን ቀን ጣፋጭ በማደል ገዳዮቹን ይቅር ይላሉ»። ይቅርታውን ከየት አመጡት? ይህ የወተት እደላ ቻቢል ይባላል። የሲክ ሃይማኖት አምስተኛው ጉሩ (መምህር)፣ ጉሩ አርጀን፣ እ.ኤ.አ. በ1606 ላሆር ላይ በንጉሥ ጃሃንጊር ትእዛዝ የተገደሉበት መታሰቢያ ነው። በትውፊቱ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ አስቀምጠው ትኩስ አሸዋ አፍስሰውባቸዋል። የሰኔ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ መጠጥ የሚታደለው ለዚህ ነው። ይቅር የተባለ ሰው የለም።

ሽሮ_ፈሰስ፦
ምኑ ነው የሚያናድደው? እኛ ተዝካር እናወጣለን፣ እነሱ ወተት ያድላሉ። የሲኮች ተዝካር ነው፣ አለቀ።

ዘ_ቡልጋ፦
ተዝካር?! ተዝካር ለሟቹ ነፍስ ነው ወንድሜ። አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ተቆጥሮ፣ ካህን ጸልዮ፣ ድሃ በልቶ ለሟች ምሕረት ይለመንበታል። የጉሩአቸው ነፍስ የባጃጅ ሾፌር ምልጃ ትፈልጋለች የሚል ሲክ የለም። ከኛ ቃል መዋስ ካማረህ ዝክር በለው። ዝክር ለጻድቅ ነው፣ ጻድቁ ምንም አይጎድለውም።

ሽሮ_ፈሰስ፦
ተዝካርና ዝክር የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ሰዋስው ለማስተማር ነው የመጣኸው?

ዘ_ቡልጋ፦
መግደልና መጋደልም የአንድ ግስ ልጆች ናቸው።

ኡሙ_ኻሊድ፦
ሁለታችሁም ቤታችሁ ውስጥ ትፈልጋላችሁ፣ «ቻቢል» የሚለው ቃል ግን ዓረብኛ ነው። ሰቢል። ፊ ሰቢሊላህ፣ በአላህ መንገድ፣ ስንል የምንለው። በሕንድና በፓኪስታን በሙሐረም ወር የመንገድ ዳር ውሃና ሸርበት የሚታደልበት ድንኳን ሰቢል ይባላል፤ በ680 ከርበላ ላይ ከኤፍራጥስ ውሃ ተከልክለው የተገደሉትን የነቢዩን የልጅ ልጅ ሁሴንን ለማሰብ። ፑንጃብ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ወስዶ ሰቢል ቻቢል ሆነ። ሮዝ ያደረገው ሽሮፕ ራሱ፣ ሩህ አፍዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 አንድ ሙስሊም ሐኪም ዴልሂ ላይ የመሠረተው የሐምዳርድ ምርት ነው።

ታዛቢ፦
የቃሉን ሥር አልክድም። ግን ሰቢል ጥማትን ያስታውሳል፣ ቻቢል ግለትን። ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነሽ እል ነበር። ጣፋጭ መሆኑ ነው ነገሩ። «ቴራ ኪያ ሚታ ላጌ» የሚለውን ስንኝ አስቢ፣ «ያደረግኸው ሁሉ ይጣፍጠኛል» ማለት ነው። ምጣዱ ላይ ሆነው ያሉት ነው። ጣፋጩ እሱ ነው፤ ባና ይሉታል፣ የፈጣሪን ፈቃድ መቀበል።

የድሮ_ተማሪ፦
ጋሼ ታዛቢ፣ እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። ስንኙ የራሳቸው የጉሩ አርጀን ነው፣ እውነት። ግን ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ፤ መጽሐፉ ደግሞ ተጠናቆ አምሪትሳር ላይ የተቀመጠው በ1604 ነው። ግድያው ከሁለት ዓመት በኋላ። ምጣዱ ላይ ደግመውት ይሆናል፣ ምጣዱ ላይ ግን አልተደረሰም። ምጣዱም ራሱ የትውፊት ነገር ነው። ጃሃንጊር በራሱ እጅ በጻፈው ማስታወሻ ያመፀውን ልጁን ኹስራውን በመቀበላቸው ንብረታቸው እንዲወረስና እንዲገደሉ አዘዝሁ ይላል እንጂ ስለ ምጣድ አንድ ቃል የለውም። በዚያው ዓመት ከላሆር የጻፈው ኢየሱሳዊው ጀሮም ሻቪየር ስለ ቅጣት ገንዘብና ስለ ስቃይ ያወራል፣ ምጣድ አይልም። (በነገራችን ላይ ያኔ የሱ ማኅበር ሰው ፔድሮ ፓኤዝ በሕንድ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ገብቶ ነበር።)

ታዛቢ፦
ገዳይ የጻፈውን ማስታወሻ ነው እንግዲህ የምታቀርብልኝ። ገዳይ ምጣዱን ይዘርዝርልህ?

የድሮ_ተማሪ፦
አይዘርዝር። ግን «ያሉት ነው» ሲሉ «ይባላል» ይበሉ።

ዘ_ቡልጋ፦
ገጹ ላይ ስለተጻፈው «ይቅርታ» ግን ታዛቢ ልክ ነው። የጉሩ አርጀን ልጅ ሃርጎቢንድ ከአባቱ ሞት በኋላ ሁለት ሰይፍ ነው የታጠቀው፣ አንዱ የመንፈስ አንዱ የዓለም ሥልጣን። ይቅር ያለ ሰው ሁለት ሰይፍ አይታጠቅም።

ሽሮ_ፈሰስ፦
ታዲያ ጠላት መጥቶ ቢጠማው ይሰጡታል አይሰጡትም? ከሰጡት ይቅርታ ነው።

ታዛቢ፦
ይሰጡታል። ባይ ካናያ የሚባል ሰው በአናንድፑር ውጊያ ለቆሰሉ ጠላቶች ውሃ ሲያጠጣ ተከሶ አሥረኛው ጉሩ ፊት ቀረበ ይላሉ። «በሁሉም ፊት ላይ የማየው እርስዎን ነው» አላቸው። ጉሩው ቁስል ማከሚያ ቅባት ጨመሩለት። ውጊያው ግን አልቆመም፣ በማግስቱም ተዋጉ። ውሃ መስጠት ሌላ፣ ይቅር ማለት ሌላ።

በረዶ፦
ትርጓሜውን እናንተ ጨርሱት፣ እኔ ስለ በርሜሉ ልናገር፤ እዚህ ላይ ነው ሲሳሳቱ የሚታየው። ለ300 ኩባያ፣ ኩባያው 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ 60 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ወተት 15 ሊትር፣ ውሃ 30 ሊትር፣ በረዶ 12 ኪሎ፣ ሽሮፕ ሦስት ሊትር ተኩል፣ ስኳር 2 ኪሎ። ወተቱ አንድ እጅ፣ ውሃው ሁለት እጅ ነው፤ በረዶው ሲሟሟ ወደ ሦስት ይጠጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አወፍረህ ታጣፍጠዋለህ። ስኳሩን ለብቻው በሙቅ ውሃ ታሟሟለህ። በረዶ ላይ የበተንከው ስኳር ሥር ይዘቅጥና የመጀመሪያው ሰው ውሃ፣ የመጨረሻው ማር ይጠጣል። ወተቱ ፈልቶ ጥርግ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ሽሮፕ አይነካውም። ርካሹ ሽሮፕ የሎሚ አሲድ አለበት፣ ትኩስ ወተት ላይ ከፈሰሰ ይበጣጠሳል፣ በርሜሉ ሙሉ አይብ ይሆናል። የበሶብላ ዓይነት ዘር የሚጨምሩም አሉ። 20 ደቂቃ ቀድሞ ካልተነከረ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል።

ኡሙ_ኻሊድ፦
በረዶው ከየት ይመጣል? ዋናው እሱ ነው።

በረዶ፦
እህቴ ልክ ነካሽው። ዓሣ ለማቀዝቀዝ የተሠራው ትልቁ የፋብሪካ በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ መጥቶ ወደ በርሜሉ ከገባ ታይፎይድ እያደልክ ነው። የሚጠጣ ውሃ በረዶ ካልተገኘ፣ በረዶውን ከውጭ አድርገህ በርሜሉን በርሜል ውስጥ አስቀምጥ። 40 ዲግሪ ላይ ወተት አንድ ሰዓት ከቆየ ይደፋል፣ ስለዚህ በርሜሉን አንዴ ሞልቶ ከመዋል በየ20 ሊትሩ መበጥበጥ ይሻላል። ኩባያው ሌላ ጣጣ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ኩባያ ከልክላለች። የብረት ኩባያ ካልክ ደግሞ አጣቢ፣ የሳሙና ውሃ፣ የማለቅለቂያ ውሃ ትፈልጋለህ፤ ከሚታደለው መጠጥ የበለጠ ውሃ እጣቢ ሆኖ ይፈሳል።

ሽሮ_ፈሰስ፦
እና ለስኳር በሽተኛው፣ መንገድ ለሚዘጋበት አምቡላንስ፣ ለእጣቢው ... ትርጉሙ «ያደረግኸው ይጣፍጠኛል» ነው?

በረዶ፦
አምቡላንሱን በተመለከተ ቀልድ አይደለም። ከመንገድ መገናኛው 50 ሜትር ወዲያ፣ መኪና ሊቆምበት በሚችል ጠርዝ ላይ ይተከላል። መኪና መሃል እየገባ ኩባያ የሚዘረጋ ልጅ ካለ ማደራጀቱ አልተሠራም ማለት ነው።

የጀበል_አሊ፦
ዱባይ ያላችሁ ጀበል አሊ ያለውን ጉርድዋራ (የሲኮች ቤተ ጸሎት) ታውቁታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተውን። ማንም ገብቶ ይበላል። እናንተ ግን ላንጋርን፣ የጉርድዋራውን ነጻ ማዕድ፣ ከቻቢል ጋር እየደባለቃችሁ ነው። ላንጋር ውስጥ ነው፦ ጫማ ይወልቃል፣ ፀጉር ይሸፈናል፣ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጠህ ከሚኒስትሩም ከጽዳት ሠራተኛውም እኩል ዳልና ሮቲ (የምስር ወጥና ቂጣ) ይቀርብልሃል፣ ሥጋ የለም። ቻቢል ውጭ ነው። ራስህን ሸፍን አይልህም፣ ተቀመጥ አይልህም፣ ማን ነህ አይልህም፣ ሄደህ ታልፋለህ። ላንጋር አንተን ወደ ረድፉ ያስገባሃል፤ ቻቢል ረድፉን ራሱ አውጥቶ አንተ ዘንድ ያመጣዋል። ለዚህ ነው ዝክርም የማይሆነው። ዝክር ቤት ጠርተህ ነው የምታበላው።

ዘ_ቡልጋ፦
በዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጸበል ጸዲቅ ላለፈው ሁሉ ሲታደል አይተህ አታውቅም? «ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ በደቀ መዝሙር ስም የሚያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም» የሚለውስ?

የጀበል_አሊ፦
ያው ራስህ አልከው፣ «ዋጋው»። ዝክር ቃል ኪዳን አለው፣ ስሜን የጠራ መታሰቢያዬን ያደረገ የሚል። ቻቢል ላይ ቃል ኪዳን የለም። ሴቫ ነው፣ አገልግሎት፣ ዋጋ ከተጠበቀበት ሴቫ አይባልም።

ዘ_ቡልጋ፦
ዋጋ ሳትጠብቅ ምንም የሚያደርግ ሰው የለም፣ ሲክም ሆነ ቡልጌ።

ኡሙ_ኻሊድ፦
ቀኑንስ ተስማምተዋል? አንዱ ሰኔ አጋማሽ፣ ሌላው ግንቦት ሲያድል ይታያል።

የድሮ_ተማሪ፦
አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሲኮች የናናክሻሂ አቆጣጠር ቀኑን ጁን 16 ላይ ቸነከረው። በ2010 ሲሻሻል ይህ ቀን ወደ ጨረቃው አቆጣጠር ተመለሰ፣ በየዓመቱ ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን የያዙ አሉ፣ የተሻሻለውን የያዙ አሉ። አንዳንድ ከተማ ሁለቴ ይታደላል።

ሽሮ_ፈሰስ፦
ሁለቴ? እንግዲህ አንዱ አርባው፣ አንዱ ሰማንያው ነው። ተዝካር አልኳችሁ።

ዘ_ቡልጋ፦
ይኸ ሰው አይተውም።

በረዶ፦
የሽሮፑን መጠን ስጽፍ ሦስት ሊትር ተኩል ያልኩት 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ያህል ነው። በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ እሱን ነበር።