የዕድራችን የጀነሬተር ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰብሳቢያችን እንዳሉት የጀነሬተሩን ጉዳይ እዚሁ ተነጋግረን፣ አንድ ወረቀት ይዘን ጉባኤው ፊት እንቅረብ። ስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በፕሮፔንም (በሲሊንደር በሚሸጠው ጋዝ) በመስመር ጋዝም የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር በጋራ መርጠን፣ የቻለ ለቤቱ እንዲገዛ፣ ዕድሩም በራሱ ገንዘብ ሁለት ገዝቶ ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር እንዲያስቀምጥ ነው የታሰበው።

ምክንያቱን ሂዩስተን ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ፌብሩዋሪ 2021 በረዶው መጣ። ሜይ 16፣ 2024 ያ ንፋስ ምሰሶውን ሁሉ ጣለ። ሁለት ወር ሳይሞላው ጁላይ 8 ቤሪል የተባለው ማዕበል ገባና ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጣ፤ በዚያ ሙቀት ከሳምንት በላይ የቆዩ አባላት መካከላችን አሉ። መጀመሪያ በነዳጁ ላይ እንስማማ። ዋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስንናገርም ከስም ይልቅ የምንኖርበትን የሂዩስተን አካባቢ እንጻፍ።

አባል፣ አሊፍ፦
እኔ ነገሩን አናወሳስበው ባይ ነኝ። ሱቅ ሄዶ ትልቁን የቤንዚን ጀነሬተር፣ 12,000 ዋት የተጻፈበትን ማንሳት ነው። ኤሲውን ጨምሮ ቤቱን በሙሉ ይችላል። ሦስት ዓይነት ነዳጅ ምን ያደርጋል? ቤንዚን የትም አለ።

አባል፣ ኬቲ፦
ወንድሜ፣ ቤንዚን የትም የሚገኘው መብራት ሲኖር ነው። የማደያው ፓምፕም እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በቤሪል ጊዜ ክፍት የሆነ ማደያ ለማግኘት ሰው ስንት ሰፈር እንደዞረ፣ አግኝቶም ሰልፉ መንገድ እንደዘጋ አይተሃል። ደግሞ ቤንዚን ቢቀመጥም ይበላሻል። ማረጋጊያ ካልጨመርክበት በወራት ውስጥ ካርቡረተሩን ይደፍነዋል፤ ማዕበሉ መጥቶ ገመዱን ስትስበው አይነሳም። የሚበላሸው በሥራ ብዛት ሳይሆን ቆሞ ነው።

ፕሮፔን ግን ዓመታት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። የመስመር ጋዝ ደግሞ ጭራሽ ማከማቸትም አያስፈልገውም፤ በመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ንፋስ አያገኘውም። ቤታችን ጋዝ ገብቶልን ሳለ ለቤንዚን መሰለፍ ለምን?

ኤሌክትሪሺያኑ አባል፦
በሥራዬ የማየውን ልናገር፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

12,000 ላልከው ወንድሜ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የማስነሻው ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሰጠው። ሰዓታት የሚሠራበት ቁጥር ከሱ ያነሰ ነው፣ እሱን አንብቡ። ቀጥሎ፣ ያም ቁጥር ለቤንዚን ነው። ቤንዚን ላይ 7,500 ዋት የሚሰጥ ማሽን ፕሮፔን ሲገባለት አንድ አስረኛ ያህል ይቀንሳል፤ የመስመር ጋዝ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጋዝ ላይ የሚሠራ ሰው መመልከት ያለበት በጋዝ የሚሰጠውን ቁጥር ነው። ሻጩ በመጨረሻ በትንሽ ፊደል የሚጽፈው እሱን ነው።

ሌላም አለ። አብዛኛው ቤት የሚገባለት የጀነሬተር ሶኬት 30 አምፔር ነው። 240 ቮልት ላይ ከ7,200 ዋት በላይ አያሳልፍም። 12,000 ገዝታችሁ በዚያ ሶኬት ብትጠቀሙ ትርፉን የሚበላው ነዳጁ ብቻ ነው። ትልቅ ሞተር ትንሽ ጭነት ይዞም ብዙ ይጠጣል።

አሁን ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚያስፈልገውን እንቁጠር። ፍሪጅ ሲሠራ 200 ዋት አካባቢ ነው፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ከ1,000 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ተጨማሪ ፍሪዘር ካለ እሱም እንደዚያው። መስኮት ላይ የሚገባ ትንሽ ኤሲ፣ 8,000 ቢቲዩ የሚባለው፣ 700 ገደማ። አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ተደምሮ ከ200 እስከ 300። የማሞቂያው ማራገቢያ 600 አካባቢ። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። በ2021 ብዙዎቻችን ማሞቂያችን በጋዝ ነበር፣ ጋዙም እየመጣ ነበር፤ ግን ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ሞተር በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቤቱ በረዶ ሆነ። 600 ዋት ብቻ ነበር የጎደለን።

ሁሉም ተደምሮ 2,000 ዋት አካባቢ ነው። የማስነሻውን ጨምሩበት፣ በጋዝ 5,000 የሚሰጥ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። የቤቱ ትልቁ ኤሲ ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ እሱን ለማስነሳት ማለስለሻ መሣሪያ፣ ሲነሳ የሚጠይቀውን ዋት የሚቀንስለት፣ ማስገባት ይጠይቃል፣ ሌላ ወጪ ነው። አንድ ክፍል አቀዝቅዞ ቤተሰቡን እዚያ ማሳደር ይሻላል።

እናት አባል፣ ሚዙሪ ሲቲ፦
ልጄ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ገብቶኛል። ምጣዱንስ አልቆጠርክም? ሁለት ፍሪዘር ሥጋ፣ ቅቤና በርበሬ ነው ያለኝ። የእኔ ኢንሱሊንም እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። እንጀራ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የሚመጣው እኔው ጋ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ አባል፦
ይቅርታ እናቴ፣ ምጣዱ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። 5,000ው ይችለዋል። ሲጋግሩ ብቻ ኤሲውን ያጥፉት፣ እንጀራው ሲያልቅ መልሰው ያብሩት። ፍሪጁም ቀኑን ሙሉ መሥራት የለበትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጥቂት ሰዓት አሠርቶ ማሳረፍ ይቻላል። ለኢንሱሊኑ ግን ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጥ ያስቀምጡና እሱን እያዩ ይወስኑ።

አባል፣ ፒርላንድ፦
የመስመር ጋዝ የሌለን ምን እናድርግ? የእኔ ቤት በሙሉ ኤሌክትሪክ ነው።

አባል፣ ኬቲ፦
ለዚህ ነው ሁለት ወይም ሦስት ነዳጅ የሚወስደው የሚያስፈልገን። አንተ ፕሮፔን ትጠቀማለህ። ለባርቤኪዩ የሚሆነው ሲሊንደር፣ ባለ 20 ፓውንዱ፣ ሙሉ ሲሆን 4.7 ጋሎን ያህል ይይዛል። 2,500 ዋት ቢጫንበት እንደ ማሽኑ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያደርስሃል። ለአንድ ቀንና ሌሊት ሦስት ወይም አራት ብለህ አስላው። ስትገዛ ግን ልብ በል፣ መደብር በር ላይ ባዶውን በሙሉ የሚለውጡልህ ብዙ ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ የተሞላ ነው። የሚሞላልህ ቦታ ወስደህ ብታስሞላ ይረክሳል፣ ሙሉም ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ግን አታስቀምጠው፣ ውጭ፣ ቆሞ።

ብርድ ላይ አንድ ችግር አለው። ትንሹ ሲሊንደር ብዙ ሲጎተትበት ራሱ ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ማገናኘት ያግዛል፣ ወይም ትልቁን 40 ፓውንድ መያዝ።

አባል፣ ጋልፍተን፦
እኔ ልናገር የምፈልገው ሌላ ነው። እዚህ የምታወሩት ሁሉ ስለ ቤት ባለቤት ነው። ግማሹ አባል አፓርትመንት ነው የሚኖረው። በረንዳ ላይ ጀነሬተር ማስነሳት ክልክል ነው፣ ባይከለከልም ይገድላል። እኛ መዋጮ እኩል እያወጣን ዕቅዱ እኛን የማይጨምር ከሆነ ጉባኤው ላይ እጄን አላወጣም። በቁጣ አይደለም፣ ትክክል ስላልሆነ ነው።

ጸሐፊ፦
እህቴ ልክ ነሽ። ይህ ወረቀቱ ውስጥ ካልገባ እኔም አልፈርምበትም። ሐሳብ አለሽ?

አባል፣ ጋልፍተን፦
አለኝ። አንደኛ፣ ዕድሩ ከሚገዛቸው ሁለት ውስጥ አንዱ ጀነሬተር ሳይሆን በባትሪ የሚሠራው ይሁን፣ 2,000 ዋት ሰዓት ያህል የሚይዘው። ጭስ የለውም፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። ፍሪጅን ቢያንስ ለግማሽ ቀን፣ የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽንን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል። ሲያልቅ ጀነሬተር ያለው አባል ቤት ተወስዶ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ጀነሬተር የሚገዛ እያንዳንዱ አባል በአቅራቢያው ያለ የአፓርትመንት ቤተሰብ ስም ይያዝ። መብራት ሲጠፋ ማን ማን ጋ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታወቅ። ሐዘን ሲሆን ማን ምግብ እንደሚያመጣ እናውቅ የለ እንዴ።

አባል፣ አሊፍ፦
ይሄ ጥሩ ነው። እኔ ሁለት ቤተሰብ እይዛለሁ፣ ጻፉኝ።

ነርሷ አባል፦
ይህን አንብባችሁ እንዳታልፉት። በ2021 በዚያ ብርድ፣ እዚሁ ሂዩስተን፣ ከእኛው ወገን እናትና ልጅ ጋራዥ ውስጥ በተነሳ መኪና ጭስ ሞተዋል። ስም አልጠራም፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለመሞቅ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ሰው ድካም መስሎት ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል።

በፕሮፔን ወይም በመስመር ጋዝ የሚሠራ ጀነሬተርም ይህንኑ ጭስ ያወጣል፣ ማንም “ጋዝ ንጹሕ ነው” ብሎ እንዳያሳስታችሁ። ከቤቱ 20 ጫማ ይራቅ፣ የጭስ ማውጫው ፊቱን ከመስኮትና ከበር ያዙር፤ የጎረቤትንም መስኮት ተመልከቱ። ጋራዥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይቻልም። ዝናብ ነው ተብሎም አይቻልም፣ ለዝናቡ የሚሆን መከለያ ይሸጣል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፣ ከዚህ ወደኋላ አልልም። ዕድሩ ከማሽኑ በፊት ለእያንዳንዱ አባል፣ ለቤት ባለቤቱም ለተከራዩም፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይግዛ። ጀነሬተሩም ጭሱ ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ብቻ ይሁን። ይህ የሌለው በግማሽ ዋጋ ቢገኝም አንግዛ።

ኤሌክትሪሺያኑ አባል፦
እደግፋለሁ። የእኔንም ጨምሩበት። ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ በግድግዳ ሶኬት ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው አለ። እባካችሁ። ያ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ጋ ሲደርስ ወደ ሺህ ቮልቶች ያድጋል። መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ትክክለኛው መንገድ ውጭ ግድግዳ ላይ የመግቢያ ሶኬት፣ ብሬከር ሳጥኑ ላይ ደግሞ ኢንተርሎክ ማስገባት ነው። ኢንተርሎክ ማለት ዋናው ብሬከር ካልጠፋ የጀነሬተሩ ብሬከር እንዳይበራ የሚከለክል ቀላል ብረት ነው። ፈቃድ ወጥቶለት፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ። የጋዙን ቱቦ ደግሞ ፕለምበር ይሠራዋል፣ እኔ አልነካውም። እሱ የቤታችሁ የጋዝ ሜትር ማሞቂያውንና ጀነሬተሩን አንድ ላይ መቻሉን ያያል።

ይህን የማይፈልግ ሰው ወፍራም ኤክስቴንሽን ከጀነሬተሩ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ይዘርጋ። ያምራል አይባልም፣ ግን ይሠራል።

ገንዘብ ያዥ፦
ወደ ገንዘቡ ልመልሳችሁ። ቴክሳስ በየዓመቱ በኤፕሪል መጨረሻ ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ ለአደጋ ጊዜ ዕቃ የሽያጭ ታክስ ያነሳል። ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር ይገባበታል። ከ75 ዶላር በታች የሆነ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም ይገባበታል። እዚህ ታክሱ 8.25 በመቶ ነው፣ ስለዚህ በ1,000 ዶላር ማሽን ላይ 82 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይተርፋል። አሥር ሰው አንድ ላይ ቢገዛ የአላርሙን ሁሉ ወጪ ሊሸፍን ምንም አይቀረው። የማዕበሉ ወቅት ጁን 1 ነው የሚጀምረው፣ ከኤፕሪል በኋላ ለሶኬቱና ለቱቦው አንድ ወር አለን ማለት ነው። ወቅቱ ከገባ በኋላ ባለሙያም አይገኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ሁላችንም አንድ ሞዴል እንግዛ ወይስ እያንዳንዱ እንደወደደው?

አባል፣ ኬቲ፦
አንድ ሞዴል። ሻምፒዮንም፣ ዌስቲንግሀውስም፣ ፊርማንም ሦስት ነዳጅ የሚወስድ ይሠራሉ፣ ከየትኛውም ይሁን። ዋናው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ካንዴላው፣ ዘይቱ፣ ፊልትሩ አንድ ይሆናል፣ አንዱ ጋ ሲበላሽ ሌላው ያውቀዋል፣ በስልክ “ያቺን ቀይ ቁልፍ ተጫን” ማለት ይቻላል። ድምፁ የሚያስጨንቀው ኢንቨርተር የሆነውን ይጠይቅ፣ ፀጥ ይላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ። “ዕድሩ ለሁሉም አባል የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይገዛል። በቤንዚን፣ በፕሮፔንና በመስመር ጋዝ የሚሠራ፣ በጋዝ 5,000 ዋት ገደማ የሚሰጥ፣ ጭስ ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ አንድ ሞዴል በጋራ ይመረጣል። ዕድሩ አንድ ጀነሬተርና አንድ በባትሪ የሚሠራ ይይዛል፤ ቅድሚያ ኢንሱሊን፣ የመተንፈሻ ማሽንና ሕፃን ላለበት ቤት። ጀነሬተር የገዛ አባል ቢያንስ አንድ የአፓርትመንት ቤተሰብ ይመዘገብለታል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሁሉም ጭነት ሰጥቶ ለ15 ደቂቃ ያስነሳል።”

ነርሷ አባል፦
“ከቤት 20 ጫማ” የሚለው የለም። ይግባ።

ጸሐፊ፦
ገብቷል። የቀረው የየቤቱ ሁኔታ ነው። ጀነሬተር መግዛት የምትፈልጉ የብሬከር ሳጥናችሁንና የጋዝ ሜትራችሁን ፎቶ እስከ እሁድ ላኩልኝ፣ ለኤሌክትሪሺያናችን አንድ ላይ እሰጠዋለሁ። የአፓርትመንት አባላት ደግሞ አድራሻችሁን እዚህ ሳይሆን ለብቻዬ።

አባል፣ አሊፍ፦
የእኔ ሜትር ከአጥሩ በስተጀርባ ነው፣ ከብሬከር ሳጥኑ ይርቃል። ቱቦው ስንት ጫማ ድረስ ይፈቀዳል?

ኤሌክትሪሺያኑ አባል፦
ርቀቱን ለካና ከፎቶው ጋር ላክ። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ወፈር ማለት አለበት፣ ግፊቱ እንዳይወርድ። ፕለምበሩ ሲመጣ ቁጥሩን እንሰጠዋለን።